ስትሮጥ የሚያሳይ ፎቶ

በሐይቅ ዳሯ ከተማችን ፒያሳ እሠራበት በነበረው ፎቶ ቤት ቀኑን ሙሉ የምደጋግመው አንድ ነገር ነበር፤ «ቀጥ በሉ፣ እዚህ እዩ፣ እንዳትንቀሳቀሱ።» ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ የሚነሳውም፣ ቀለበት ያሰሩ ጥንዶችም፣ ለልደቱ ከረባት የታሰረለት ሕፃንም የሚሰማው ይህንኑ ነው። የወረስኩት ከፎቶ ቤቱ ባለቤት ነበር። ጋሼ ነው የምላቸው። ሥራ የጀመሩት በፊልም ዘመን፣ የተበላሸ ፎቶ መበላሸቱ ከቀናት በኋላ በሚታወቅበት ጊዜ ስለሆነ፣ ሲነሳ ዓይኑን ያርገበገበ ሰው ሆን ብሎ የበደላቸው ይመስላቸው ነበር። ፎቶ ማለት አለመንቀሳቀስ ነው ይሉኝ ነበር። እኔም አምኜ ተቀበልኩ። ብዙ የማልናገር ሰው ስለነበርኩ ዝም ብሎ የሚቆም ሰው ማንሳት ይስማማኝ ነበር።

ከፎቶ ቤታችን በአንድ ግድግዳ ብቻ ተለይታ አንዲት ልብስ ሰፊ ትሠራ ነበር። አርባዎቹን የጀመረች፣ ጠዋት ጠዋት ከታቦር ሰፈር በእግሯ የምትመጣ ሴት ናት። መብራት በፈረቃ የሚጠፋበት ጊዜ ነበር። የእኛ ተራ ደርሶ ሲጠፋና ሥራ ፈትተን ደጅ ስንቀመጥ፣ እሷ በእግር የሚረገጠውን የስፌት መኪናዋን ሳታቋርጥ፣ «እናንተ መብራት እስኪመጣ ጸልዩ፤ እኔ እግር አለኝ» ትለናለች። መጀመሪያ ሰሞን «እርስዎ» እላት ነበር። አንድ ቀን ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች፣ «አንቱ እያልክ አታስረጀኝ፤ ገና ልጅ የማሳድግ ሰው ነኝ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አንቺ አልኳት፤ «እትዬ» ማለቱን ግን አልተውኩም።

የምታሳድጋት ልጅ የመጨረሻዋ ናት፤ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ስትወለድ ሁለቱም እግሮቿ ወደ ውስጥ የዞሩ ነበሩ። እናትየዋ በየሳምንቱ አዝላ ሕክምና እያመላለሰቻት፣ ጀሶው እየተፈታና እንደገና እየታሰረ ቀስ በቀስ ተቃኑ። ከዚያም ለዓመታት ሌሊት ሌሊት በብረት የተያያዘ ጫማ አድርጋ ትተኛ ነበር። እኔ ሳውቃት ከሌሎች ልጆች የምትለይበት ነገር አልነበረም። እንዲያውም ከትምህርት ቤት መጥታ የሱቃችንን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ስትወጣ ጋሼ ይቆጧት ነበር።

ነገር ግን ከስፌት መኪናው በላይ አንድ ፎቶ ተሰቅሏል። ጋሼ ናቸው ያነሱት። ሁለት ዓመት ሳይሞላት፣ ፏፏቴ ከተሳለበት መጋረጃችን ፊት፣ ሁለት እግሮቿ እስከ ጭኗ በጀሶ ታስረው ተቀምጣለች፤ በእጇ የፕላስቲክ አበባ ይዛለች። ልብስ ሊያሰፋ የገባ ሰው መጀመሪያ ወደ ፎቶው ቀና ይላል። ቀጥሎ ጥግ ላይ በርጩማ ላይ ወደተቀመጠችው ልጅ ይዞርና ቁልቁል እግሯን ያያል። ሁሉም እንዲሁ ነው፤ ክፋት የለበትም። ያን ዓመት ግን ልጅቷ በር በተከፈተ ቁጥር እግሮቿን ወደ በርጩማው ሥር ማስገባት፣ ቁርጥራጭ ጨርቅም ጎትታ ማልበስ ጀመረች። እኔ አይቼዋለሁ። እናቷም እንዳየችው ያወቅኩት ግንቦት ውስጥ ወደ እኛ ቤት የገባች ቀን ነው።

«ስትሮጥ አንሳልኝ» አለችኝ። «አቁመህ አይደለም። ስትሮጥ።»

ጋሼ ከውስጥ ሆነው ያንን የድሮውን አውርጂውና ይገላግልሽ አሏት።

«ያዳናትን ነገር እንዴት እደብቃለሁ ጋሼ? ብቻውን አይሁን ነው የምለው። አጠገቡ ሌላ ይኑር። ሰው ከዚያኛው ወደዚህኛው ይሂድ እንጂ ወደ እግሯ አይውረድ።»

መስከረም ላይ ልጅቷ አንደኛ ክፍል ትገባለች። እናትየዋ እግሯን ደብቃ እንድትገባ አትፈልግም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጅቷ የምትማርበት ታቦር ያለው ኬጂ የዓመቱን መዝጊያ በዓል ያከብራል፤ ምረቃም ሩጫም አለ፤ ፎቶ አንሺው ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ እሺ አልኳት። እሺ ያልኩት ግን የሚሮጥ ነገር በሕይወቴ አንስቼ ሳላውቅ ነው።

ካሜራችንን ጋሼ የገዙት ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር መምህር ነው። ያገለገለ ዲጂታል ነው፤ የመያዣው ላስቲክ በአንድ ጠርዙ ተላቆ ደጋግሜ በሙጫ አጣብቄዋለሁ። የመመሪያ መጽሐፉ አብሮ አልመጣም። በዚያው ቅዳሜ የሰፈር ልጆች ሰብስቤ እየሮጡ እንዲመጡ አድርጌ አነሳኋቸው። በኮምፒውተር ስከፍተው የሁሉም ፊት እንደ ውኃ ደፍርሷል፤ ከኋላቸው ያለው የቆርቆሮ አጥር ግን ሚስማሩ ሳይቀር ይቆጠራል።

ኢንተርኔት ቤት ሄጄ መመሪያውን ፈለግኩ። አንዱ ገጽ እስኪከፈት ሻይ ይጠጣል። ስለ አውቶፎከስ፣ ካሜራው ምስሉን ራሱ አነጣጥሮ ስለሚያጠራበት ዘዴ፣ የሚያወሩትን ገጾች በደብተር በእጄ ገለበጥኩና በመዝገበ ቃላት ቃል በቃል ፈታኋቸው፤ አራት ቀን ወሰደብኝ። ነገሩ ሲገባኝ ቀላል ነበር። ካሜራው ሦስት ምርጫ አለው። የመጀመሪያው የማንሻ ቁልፉን እስከ ግማሽ ስትጫነው ፎከሱን አንድ ጊዜ ይይዝና «ጢጥ» ብሎ ይቆልፋል። ቤታችን ውስጥ ሁልጊዜ የምንጠቀመው እሱን ነው። የሚሮጥ ልጅ ግን «ጢጥ» ካለ በኋላ አንድ እርምጃ ይጨምራል። ካሜራው አልዋሸም፤ ልጁ የነበረበትን ቦታ አጥርቶ አንስቷል፤ ልጁ ግን እዚያ የለም።

ሁለተኛው ጣትህን እስካላነሳህ ድረስ ርቀቱ በተለወጠ ቁጥር እየተከተለ ፎከሱን ያስተካክላል። ሦስተኛው ደግሞ የቆመ ከሆነ ይቆልፋል፣ ከተንቀሳቀሰ ይከተላል፤ ራሱ ያውቃል ይላል መመሪያው። ራሱ የሚያውቀውን መረጥኩ። የማያውቅ ሰው ሁሉ የሚመርጠው እሱን ይመስለኛል። ልጁ መነሻው ላይ ቆሞ ሳለ ይቆልፋል፤ ሲነሳ ያመነታል፤ ካሜራው ወስኖ እስኪጨርስ ልጁ ደርሶ ጉልበቴን ይዞ ይስቃል።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ፎቶ ቤቱ ከመከፈቱ በፊት ወደ ሐይቁ በሚወስደው ሰፊ አስፋልት ዳር እየተቀመጥኩ ብስክሌተኞችን መለማመጃ አደረግኳቸው። መጀመሪያ አባ ኮዳን ሞክሬ ነበር፤ ከዓሣ ገበያው አጠገብ ጡረታ እንደወጣ ሹም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚቆም ወፍ ለሩጫ መለማመጃ እንደማይሆን ለመረዳት ግን ብዙ አልፈጀብኝም። ብስክሌተኞቹ ይሻላሉ፤ ወደ እኔ ቀጥ ብለው ይመጣሉ። ካሜራው ዓይን በሚያይበት መስኮቱ ውስጥ ፎከስ የሚይዝባቸው ዘጠኝ ነጥቦች አሉት። ዘጠኙንም ክፍት ከተውክለት ቅርብ ያገኘውን ይይዛል፤ የፊት ጎማ፣ ቅርጫት፣ የተንጠለጠለ ዶሮ። አንዷን ነጥብ ብቻ መርጬ ፊት ላይ ማስቀመጥ ተማርኩ። ሁለተኛውን፣ ተከታዩን ምርጫ ያዝኩ። ብርሃን አስገብቶ የሚዘጋው የመዝጊያው ፍጥነት ከአንድ አምስት መቶኛ ሴኮንድ እንዳይዘገይ አደረግኩ። ሰውየው ገና ሩቅ ሳለ በግማሽ ተጭኜ መከተል እጀምራለሁ፤ አጠገቤ ሲደርስ ለመያዝ መሞከር ከንቱ ድካም ነው።

አንድ ነገር ብቻ አስቸገረኝ። በመከተሉ ምርጫ ካሜራው «ጢጥ» አይልም። ይያዝ አይያዝ አይነግርህም። ለሦስት ቀን ተበላሽቷል ብዬ እያጠፋሁ አበራሁት። ፎቶዎቹን ስከፍት ግን የብስክሌተኛው ቅንድብ ይቆጠራል። ዝም ያለው ሥራ ላይ ስለነበረ ነው። ብዙ የማልናገር ሰው ስለሆንኩ ይህ ከማንም በፊት ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ከብስክሌተኞቹ አንዳንዶቹ ካሜራውን ሲያዩ ጀርባቸውን ያቃናሉ፣ ኮሌታቸውን ይነካሉ። አንዱ እንዲያውም ፍሬን ይዞ ቆመና ፎቶው መቼ እንደሚደርስለት ጠየቀኝ። በደብተሬ «ቆመ፤ አይቆጠርም» ብዬ ጻፍኩና አለፍኩት። ያንን መስመር ኋላ ላይ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ።

የበዓሉ ጠዋት ሌሊት የዘነበው ዝናብ አቧራውን አስተኝቶት ነበር። መጀመሪያ ምረቃው ነው። ሕፃናቱ ገዋን ለብሰው፣ ጆሯቸው ድረስ የሚወርድ ቆብ አድርገው፣ በሪባን የታሰረ ወረቀት ይዘው አንድ በአንድ ፊቴ ቆሙ። ለእያንዳንዱ የለመድኩትን አልኩ፤ ቀጥ በል፣ እዚህ እይ፣ እንዳትንቀሳቀስ። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ከሁሉም በለጠች። ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። ጎበዝ አልኳት። እናቷ በልኳ አጥባ የሰፋችው ገዋን እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ ወርዶላት ነበር።

ከዚያ ገዋኑ ወልቆ ሩጫው መጣ። ሜዳው አጭር ነው፤ ሁለት መምህራን ጫፍና ጫፍ ገመድ ይዘዋል። እኔ ከገመዱ ወዲያ በሆዴ ተኛሁ። ሁሉንም አረጋገጥኩ፤ ተከታዩ ምርጫ፣ አንድ ነጥብ፣ ፍጥነቱ። እናትየዋ ከወላጆች ጋር አጥሩ ሥር ቆማለች። ልጅቷ ለዕለቱ የተገዛላት ነጭ ሸራ ጫማ አድርጋለች። ፊሽካው ተነፋ።

እንዴት ትሮጣለች! ከአሥር እርምጃ በኋላ አንዲት ልጅ ብቻ ናት የምትቀድማት፤ እሷንም ልትደርስባት ነው። ነጥቧ ፊቷ ላይ ናት፤ ሌንሱ በእጄ ውስጥ ቀስ እያለ ሲዞር ይሰማኛል። ግማሽ መንገድ ላይ ቀና ስትል ሌንሱን አየች። ቆመች። እግሮቿን አጋጠመች፤ እጆቿን ወደ ታች ዘረጋች፤ አገጯን አነሳች። የቀሩት በግራና በቀኟ አለፏት፤ አንዱ በትከሻው ገፋት፤ አልተንቀሳቀሰችም። መምህሯ ሩጪ እንጂ ብትላትም እንደቆመች ናት። ካሜራውን ከዓይኔ ሳወርድ ነው የተነፈሰችው። ከዚያ ተራምዳ ወደ እኔ መጣችና በተኛሁበት ቁልቁል አየችኝ።

«ጥሩ ቆምኩ?»

በጣም ጥሩ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ። ከአጥሩ በኩል አንዲት ወላጅ ለጎረቤቷ፣ «እግሯ ነው እኮ። ምስኪን፤ አላስኬድ ብሏት ነው» ስትል ሁላችንም ሰማን። ልጅቷ ነጭ ጫማዋን አየች። ወደ እናቷ ስትሄድ በቀስታ፣ ጥንቃቄ በተሞላበት እርምጃ ነበር የሄደችው፤ እንደዚያ ስትራመድ አይቻት አላውቅም።

ፎቶ ቤት ገብቼ ካርዱን ከፈትኩ። ከመቆሟ በፊት ያነሳኋቸው ጥቂት ናቸው፤ ሩቅ ናት፣ ደግሞም የፊተኛዋ ልጅ ግማሽ አካሏን ጋርዳታለች። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁሉ የጠሩ ናቸው። ሌሎቹ ልጆች እንደ ንፋስ ሲያልፉ እሷ መሐል ላይ ሽፋሽፍቷ እስኪቆጠር ቀጥ ብላለች። ጋሼ በትከሻዬ በኩል ጎንበስ ብለው አዩና፣ እንዲህ የጠራ ፎቶ አንስቼ እንደማላውቅ ነገሩኝ። ማሾፋቸው አልነበረም፤ ለእሳቸው ጥሩ ፎቶ ነው።

ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ገባሁና ሁሉንም እንዳለ ነገርኳት። መኪናዋን መርገጥ አቆመች።

«ማን ነው ቁሚ ያላት?»

«እኔ ነኝ እትዬ። ጠዋት፣ ገዋኑን ለብሳ ሳለ።»

ክር ወደ መርፌ አስገባች። «እንግዲያው» አለች በመጨረሻ፣ «ሩጪ የምትላትም አንተ ነህ።»

በማግስቱ ከሱቆቹ ጀርባ ባለው ክፍት ቦታ ሩጪ አልኳት። ሮጠች፤ ግን እጆቿን ከጎኗ አጣብቃ፣ አንገቷን አቅንታ፣ ዓይኗን ከሌንሱ ሳትነቅል፣ ሰልፍ ላይ እንዳለ ወታደር። ካሜራው ተበላሽቶ አይደለም፤ ፎከሱ ልክ ነው። ልክ ያልሆነው እኔ እዚያ መኖሬ ነበር። በዚያ ቀን ደብተሬ ላይ ምንም የካሜራ ነገር አልጻፍኩም። «ወደ እኔ መሮጥ የለባትም» ብዬ ብቻ ጻፍኩ።

በዓሉ ቢያልፍም ኬጂው ሊዘጋ ገና ጥቂት ቀን ይቀረው ነበር። ልጅቷን ከትምህርት ቤት የምታመጣት የጎረቤት ልጅ ነበረች፤ እናትየዋ ሥራ ስላላት በር ላይ ጠብቃት አታውቅም። ሱቅሽን ለአንድ ሰዓት ዝጊልኝ አልኳት። ከሰዓት በኋላ በባጃጅ ሄድን። እሷ ከበሩ ፊት ለፊት ቆመች፤ እኔ ከጎኗ፣ ከረጅም ቀሚሷ ጀርባ በግማሽ ተደብቄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ዘበኛው ምን ልንሰርቅ እንደመጣን ጠየቀና እሷ ስትስቅ ተወን።

አንድ ነገር ለወጥኩ። እስከዚያ ድረስ የምጠቀመው በመሐለኛዋ ነጥብ ነበር፤ ከሁሉም ታማኝ እሷ ናት። ነገር ግን የመሐለኛዋን ፊቷ ላይ ካስቀመጥኩ ከላይ ባዶ ሰማይ ይተርፋል፣ ከታች ደግሞ እግሮቿ ይቆረጣሉ። የመጣነው ለእግሮቿ ነው። ካሜራውን በቁመቱ ያዝኩና ከላይ ያለችውን ነጥብ መረጥኩ። ብርሃን ካነሰ ትሳሳታለች፤ ያን ዕለት ግን ደመናው ተገልጦ ፀሐይዋ ከኋላችን በሩን ቀጥ ብላ ታበራው ነበር።

ደወሉ ተደወለ። ልጆቹ ተገፋፍተው ወጡ። እሷ ከመጨረሻዎቹ መሐል ናት፤ አንዱ የካልሲዋ ጫፍ ወርዷል፤ ከጓደኛዋ ጋር እያወራች ቀና ስትል እናቷን አየች። እናትየዋ በቤታቸው ቋንቋ በሲዳሙ አፎ ጠራቻት፤ ከስሟ ሌላ ያለቻትን አልሰማሁም። ልጅቷ ቦርሳዋን ለጓደኛዋ ወረወረችና መሮጥ ጀመረች። በግማሽ ተጭኜ ከበሩ ጀምሮ ያዝኳት። ካሜራው ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ስትቀርብ ተጫንኩት፤ እናቷ ቀሚስ ላይ ስትላተም የተቀመጥኩበት ድንጋይ ሳይቀር የተነቃነቀ መሰለኝ።

ከዚያ አየችኝና ወዲያውኑ እጆቿን ወደ ታች ዘርግታ ቀጥ አለች። ካሜራው ጭኔ ላይ ነበር።

«ጨርሻለሁ» አልኳት።

«መቼ?»

«ስትመጪ።»

ከተነሱት ጥሩ ሆኖ የወጣው ሦስተኛው ነው። ዓይኖቿ የጠሩ ናቸው፤ አፏ ተከፍቷል፤ ሪባኑ ከፀጉሯ ተፈትቶ በአየር ላይ ነው። ቀኝ እግሯ መሬቱን ረግጧል። የግራው ግን ከጉልበቷ በታች ደብዝዟል። ሌሎቹን ደጋግሜ አየኋቸው፤ ከዚህ የሚሻል የለም። ትልቅ አድርጌ አሳተምኩትና ወደ ሰፊዋ ይዤ ገባሁ። ጉድለቱን ራሴ መናገር እንዳለብኝ ስለተሰማኝ፣ ገና ሳታየው በጣቴ አሳየኋት። ይህ እግር ከሌላው አካሏ ይልቅ ይፈጥናል፣ የመዝጊያውን ፍጥነት ከዚያ በላይ ከፍ ማድረግ ነበረብኝ፣ ከፈለግሽ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ቀን ይቀረናል አልኳት። ምናልባት በአንድ ትንፋሽ ያን ያህል የተናገርኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

እሷ እግሩን ነበር የምታየው። ቀና ብላ ግድግዳውን፣ ጀሶውን አየች፤ መልሳ እጇ ላይ ያለውን አየች።

«ተወው» አለችኝ። «ቆሞማ ስንት ዓመት አይተነዋል።»

በዚያው ዕለት ጋሼ ምስማር ይዘው መጥተው ራሳቸው ሰቀሉት። የደበዘዘውን እግር እያዩ ከንፈራቸውን መጠጡ እንጂ ይውረድ አላሉም። ከዚያ በኋላ ደንበኛ ሲገባ አንገቱን ቀና ያደርጋል፤ ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ አንዳንዱ ፈገግ ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ልኩን መስጠት ይረሳና ሰፊዋ ሜትሯን ይዛ ትጠብቃለች። ዝቅ ብሎ እግር የሚያይ ጨርሶ ጠፋ አልልም። ልጅቷ ግን በርጩማው ላይ ሆና ሁለቱን እግሮቿን ወደ ፊት ዘርግታ ማወዛወዝ ጀመረች፤ መንገድ ስለምትዘጋ አሁን እናቷ ናት ሰብስቢ የምትላት።

መስከረም ሲገባ ልጅቷ ለአንደኛ ክፍል ምዝገባ ጉርድ ፎቶ ልትነሳ ብቻዋን ወደ እኛ ቤት መጣች። አዲሱን ዩኒፎርም ለብሳለች። ፏፏቴው ፊት ያለው ወንበር ላይ ወጣችና እግሮቿ መሬት ሳይነኩ ጠየቀችኝ።

«ልቁም ወይስ ልንቀሳቀስ?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የፎከሱን ምርጫ ወደ መጀመሪያው፣ «ጢጥ» ወደሚለው መለስኩት።

«ለዚህኛው ብቻ ቁሚ» አልኳት።